ከአበባው እስከ ፍሬው፦ በዕፅዋት የሕይወት ዑደት ትምህርት የሚዘለለው ደረጃ

በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ስለ ዕፅዋት የተማረ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሥዕል ያውቃል። ዘር፣ ቡቃያ፣ ያደገ ተክል፣ አበባና ፍሬ በክብ መስመር ላይ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ በየመካከላቸው ቀስት ይሰመራል፤ የመጨረሻው ቀስት ከፍሬው ተነሥቶ ወደ ዘሩ ይመለሳል። ልጆች ሥዕሉን ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፣ የደረጃዎቹን ስም ያጠናሉ፣ በፈተናም ባዶ ቦታውን እየሞሉ ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ነገር ግን ያው ልጅ አበባው ወደ ፍሬ የሚለወጠው በምን ምክንያት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ «አበባው ይረግፍና በቦታው ፍሬ ይወጣል» ከማለት አልፎ አይሄድም። መልሱን ስሕተት ነው ብሎ ልጁን መውቀስ ያስቸግራል፤ ሥዕሉ የሚያሳየው ይህንኑ ነውና።

በሥዕሉ ላይ ያሉት ደረጃዎች በዓይን የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ የዑደቱ ምክንያት ግን በደረጃዎቹ መካከል ባሉት ቀስቶች ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ዘሩን የሚያነቃው፣ ቡቃያውን የሚያሳድገው፣ አበባውን ፍሬ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በአንዲት አጭር መስመር ተተክቶ ይታለፋል። ከቀስቶቹ ሁሉ ይበልጥ በችኮላ የሚታለፈው ደግሞ ከአበባ ወደ ፍሬ የሚወስደው ነው። የአባቢ ዕፅዋትን ሕይወት ከሌሎች ዕፅዋት ሕይወት የሚለየው ዋናው ነገር ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

እስካሁን ተለይተው ስም የተሰጣቸው አባቢ ዕፅዋት ወደ 300,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ በየብስ ላይ ከሚገኙት ዕፅዋት እጅግ የሚበዙት እነርሱ ናቸው። በብዝኀ ሕይወት ላይ የሚሠራው የመንግሥታት የሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ እንዳመለከተው፣ በዓለም ላይ ከሚመረቱት ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ፍሬ ወይም ዘር ለመስጠት በተወሰነ ደረጃም ቢሆን በነፍሳትና በሌሎች እንስሳት ይታገዛሉ። የንቦች መመናመን በተደጋጋሚ በሚነገርበት በዚህ ዘመን ሕፃናት ንቦችን መጠበቅ እንደሚገባ ይሰማሉ፤ ንብን ከፍሬ ጋር የሚያገናኘውን ሰንሰለት ያልተረዳ ልጅ ግን ምክሩን ከመድገም በቀር ምክንያቱን ሊያስረዳ አይችልም። ጄምስ ዋንደርሲና ኤሊዛቤት ሹስለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ሕይወት ትምህርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰዎች በዙሪያቸው ያሉትን ዕፅዋት ሳያስተውሉ የማለፍ ዝንባሌያቸውን «የዕፅዋት ዕውርነት» ብለው ሰይመውት ነበር። ይህን ዝንባሌ ለማረም ከሕፃንነት የተሻለ ዘመን የለም።

በብዙ የመማሪያ ክፍሎች የሚሠራው ተግባራዊ ሥራ የታወቀ ነው። አንድ የቦሎቄ ወይም የባቄላ ፍሬ በረጠበ ጥጥ ላይ ተደርጎ በመስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥሩ፣ ቀጥሎም ግንዱ ይወጣል፤ ልጆች ይደሰታሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ቡቃያው ይደርቅና ይጣላል። ሥራው በራሱ መልካም ነው። ጉድለቱ በዚያ ማብቃቱ ላይ ነው፤ ልጆቹ ከዑደቱ አንዱን ቁራጭ በዓይናቸው ያዩና የቀረውን በሙሉ ከሥዕል እንዲያምኑ ይደረጋሉ።

ያም ሆኖ ይህ አጭር ሥራ በአግባቡ ከተመራ ሁለት ጽኑ የተሳሳቱ ግንዛቤዎችን ሊያቃና ይችላል። የመጀመሪያው ዘር ሕይወት የሌለው ነገር ነው የሚለው ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ ሕፃናት ሕይወት ያለውን ነገር ከእንቅስቃሴ ጋር አያይዘው እንደሚለዩ ካስተዋለ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በዚህ መለኪያ የማይንቀሳቀስ፣ ደረቅና ጠንካራ የሆነ ዘር ከጠጠር አይለይም። ስለዚህ ዘሩ ከመተከሉ በፊት ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ቢያድርና ልጆች ልጣጩን ገፈው ሁለቱን ክኮች ቢከፍቱ፣ በመካከላቸው የተኛውን ትንሽ ሽል ከነሥሩና ከነቅጠሎቹ ጅማሬ ያገኙታል። ተክሉ ገና ከመብቀሉ በፊት እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ክኮቹም የራሱን ምግብ መሥራት እስኪጀምር ድረስ የሚያቆየው ስንቅ ናቸው። ዘር ምን ያህል ጊዜ በሕይወት ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳይ ድንቅ ማስረጃም አለ። ዊልያም ጄምስ ቢል የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የ21 ዝርያዎችን ዘሮች በአሸዋ ደባልቆ በ20 ጠርሙሶች ውስጥ በማድረግ መሬት ውስጥ ቀበረ፤ ከጠርሙሶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ከ140 ዓመታት በላይ ተቀብረው ከቆዩት ዘሮች ጥቂቶቹ በቀሉ። የመጨረሻው ጠርሙስ የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ2100 ነው። ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ «ሕይወት አለው» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ባልሰጠው ትርጉም መጠቀም ይጀምራል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግንዛቤ ዘር ለመብቀል አፈርና ብርሃን የግድ ያስፈልገዋል የሚለው ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል የሚለው እምነት ነው። አንዱ ዘር በጨለማ ሣጥን፣ ሌላው በብርሃን፣ አንዱ በእርጥብ ጥጥ፣ ሌላው በደረቅ ጥጥ ቢቀመጥ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ። አብዛኞቹ ዘሮች ለመብቀል የሚፈልጉት ውኃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት ነው፤ ብርሃን የሚያስፈልጋቸው እንደ ሰላጣ ያሉ ደቃቅ ዘሮች መኖራቸውን መምህሩ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ በጥድፊያ የተነገረ ደንብ በማግስቱ ይፈርስበታል። ስለ አፈሩ ደግሞ በዛሬዋ ቤልጂየም ይኖር የነበረው ሐኪምና የኬሚስትሪ ሊቅ የያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ሙከራ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም። ቫን ሄልሞንት በዛሬው ልኬት ወደ 90 ኪሎ በሚመዝን ደረቅ አፈር ላይ ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ሲደርስ አፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። ይህ ታሪክ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። እርሱ የዛፉ አካል ከውኃ ብቻ የተሠራ መሰለው፤ በዚህ ተሳስቷል፤ ተክሉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የብርሃንን ሚና ገና አላወቀም ነበር። ቁጥሮቹ ግን አፈር ምግብ ነው የሚለውን አሳብ ለማንኛውም ልጅ ያፈርሳሉ።

ወደ አበባው ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ መክበዱም ሊያስደንቀን አይገባም። የአበባ ብናኝ ከሌለ ፍሬያማ ዘር እንደማይገኝ ሩዶልፍ ያኮብ ካሜራሪየስ የተባለው ጀርመናዊ በሙከራ አረጋግጦ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1694 ነው። የአበባዎች ቀለም፣ ቅርጽና ጣፋጭ ፈሳሽ ከነፍሳት ጉብኝት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል በዝርዝር ያሳተመው ከዚያ ወደ 100 ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1793 ነው። በአባቢ ዕፅዋት ውስጥ ጽንሰት ሁለት ጊዜ እንደሚፈጸም፣ ማለትም አንዱ ሽሉን ሌላው ደግሞ የሽሉን ስንቅ እንደሚያስገኝ፣ ሩሲያዊው ሰርጌይ ናቫሺን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። በሳይንስ ታሪክ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀውን ነገር የ8 ዓመት ልጅ ከአንዲት ቀስት እንዲረዳው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥልቁን ዝርዝር በዚያ ዕድሜ ማስተማር አያስፈልግም፤ መሠረታዊው ሰንሰለት ግን ያለ ጥርጥር ሊማሩት የሚችሉት ነው።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው አበባውን ከመፍታት ነው። ትልቅና ቀላል አሠራር ያለው አበባ ለእያንዳንዱ ልጅ ተሰጥቶ ክፍሎቹን ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ እየነቀለ ወረቀት ላይ ቢደረድራቸው፣ መጀመሪያ አረንጓዴዎቹን መሸፈኛዎች፣ ቀጥሎ ባለቀለሞቹን ቅጠሎች፣ ከዚያ ብናኝ የሚያመርቱትን ወንዴ ክፍሎች፣ በመጨረሻም በመካከል የቆመውን ሴቴ ክፍል ያገኛል። የዚህ ሴቴ ክፍል አናት ብናኝ የሚይዝ ተለጣፊ ጫፍ ነው፤ ከሥሩ ያበጠው ደግሞ የዘር ቋቱ ነው። ቋቱ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ነጫጭና ደቃቅ እንክብሎች ይታያሉ። ወደፊት ዘር ሊሆኑ የሚችሉት እነዚህ ናቸው። የትምህርቱ እምብርት ይህ ቅጽበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ፍሬው ከየት እንደሚመጣ ፍሬው ከመኖሩ በፊት አይቶታልና። ከዚህ በኋላ «አበባው ይረግፍና በቦታው ፍሬ ይወጣል» የሚለው አነጋገር ለራሱ ለልጁ አይዋጥለትም፤ የሚረግፉት ባለቀለሞቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ቋቱ እዚያው ቀርቶ ያድጋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሦስት የተለያዩ ክንውኖች በልጆች አእምሮ ውስጥ በቀላሉ ይደበላለቃሉ። ርክበ ብናኝ የሚባለው ብናኝ ከወንዴው ክፍል ተነሥቶ በሴቴው ጫፍ ላይ ማረፉ ነው። ጽንሰት የሚባለው ብናኙ ካረፈበት ጫፍ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች አብቅሎ በቋቱ ውስጥ ካለው እንቁላል ጋር ሲዋሐድ የሚሆነው ነው። የዘር ሥርጭት ደግሞ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ዘሩ ከእናቱ ተክል ርቆ መሄዱ ነው። ሁለቱ ዳርቻዎች፣ ማለትም ርክበ ብናኝና ሥርጭት፣ ሁለቱም በነፋስና በእንስሳት የሚከናወኑ በመሆናቸው፣ ብዙ ልጆች ንብ ዘር እንደምትዘራ ወይም ወፍ የበላችው ፍሬ አበባውን እንደሚያዳብር አድርገው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣው የሳይንስ ትምህርት መመዘኛ ለሁለተኛ ክፍል ያስቀመጠው አንድ ተግባር፣ እንስሳ ዘር ሲያሠራጭ ወይም ርክበ ብናኝ ሲያከናውን የሚያሳይ ሞዴል መሥራት ነው። ተግባሩ ግሩም ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ስለተጠሩ መምህሩ ልዩነታቸውን በጊዜ ሳይለይ ካለፈ መደባለቁ ይጸናል። የሚለየው ቀላል ጥያቄ «የተጓዘው ምንድን ነው? ከመጓዙ በፊትስ ፍሬ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚል ነው።

መካከለኛው ክንውን፣ ጽንሰት፣ በዓይን ስለማይታይ ምሳሌ ይሻል፤ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ በቆሎን የሚያህል የለም። በበቆሎ ራስ ላይ የሚታየው ጸጉር እያንዳንዱ ዘለላ የአንድ ሴቴ አበባ አንገት ሲሆን፣ ታችኛው ጫፉ ከአንድ ሊሆን ከሚችል ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ከተክሉ አናት ከሚወጣው ወንዴ አበባ በነፋስ የመጣ ብናኝ በጸጉሩ ላይ ሲያርፍ፣ ቱቦው በጸጉሩ ውስጥ አንዳንዴ 30 ሴንቲሜትር የሚደርስ ርቀት በአንድ ቀን ገደማ ተጉዞ እንቁላሉ ዘንድ ይደርሳል። ብናኝ ያላገኘ ጸጉር ፍሬ የለውም። ስለዚህ ፍሬዎቹ የዘለሉበት፣ ክፍተት ያለበት የበቆሎ ራስ በልጆች ፊት ሲቀርብ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ያልተሳካ ርክበ ብናኝ ወይም ጽንሰት መዝገብ ሆኖ ይነበባል። አንድ ጸጉር፣ አንድ ብናኝ፣ አንድ ፍሬ፤ ይህን ያህል ግልጽ ሒሳብ የሚያሳይ ሌላ ተክል ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለ ፍሬ ምንነት ብዙ ማለት አያሻም፤ አንድ ልማድ ብቻ መሰበር አለበት። በዕለታዊ አነጋገር ፍሬ የሚባለው የሚጣፍጠው ሲሆን፣ በሥነ ሕይወት ግን ከአበባው የዘር ቋት ያደገና ዘር የያዘ ሁሉ ፍሬ ነው፤ ቲማቲም፣ ዱባ፣ የቦሎቄ ቆባ ሁሉ በዚህ ይካተታሉ። ልጆች በፍሬው ላይ የአበባውን ፈለግ እንዲፈልጉ ማድረግ ከማናቸውም ትርጓሜ ይበልጣል። በቲማቲሙ አናት ላይ ያሉት አረንጓዴ ኮከብ መሰል ቅጠሎች የአበባው መሸፈኛዎች ነበሩ፤ በቦሎቄው ቆባ ጫፍ ላይ ያለችው ሹል ክር የሴቴው ክፍል አንገት ቅሪት ናት፤ በፖም ሥር በኩል ያለው የደረቀ ጉድጓድም ራሱ የአበባው ቅሪት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ተክሉ አበባ እስኪያወጣና ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ወይም በግቢው ከቆየ ነው፤ ስለዚህ የተክል ምርጫ የትምህርቱ ግማሽ ነው። በዊስከንሰን ዩኒቨርሲቲ ፖል ዊልያምስ በምርጫ ያዳቀላቸው «ፈጣን ዕፅዋት» የተባሉ የጎመን ወገኖች ከተዘሩ በ14 ቀን ገደማ ያብባሉ፤ ዘራቸውም ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ይበስላል። እነዚህ ተክሎች በራሳቸው ብናኝ ዘር ስለማይሰጡ ልጆች ብናኙን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ማዛወር ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም የሞተች ደረቅ ንብ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ተጣብቃ ታገለግላለች። የንቧን ጸጉራም ገላ በብናኝ ተሸፍኖ ያየ ልጅ የርክበ ብናኝን ትርጉም አይረሳም።

እንዲህ ያለ ዘር የማይገኝበት ክፍል ቦሎቄ ወይም አተር ቢመርጥ ፍሬ ለማየት ብዙም አይቸገርም፤ ነገር ግን እነዚህ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳብሩ፣ አተር እንዲያውም አበባው ከመከፈቱ በፊት ይህን የሚፈጽም በመሆኑ፣ «ንብ ባትመጣ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ በእነርሱ ማሳየት አይቻልም። የዱባ ወገኖች ብዙ ቦታ ቢፈልጉም ለዚህ ጥያቄ ይመቻሉ። ወንዴውና ሴቴው አበባ ተለያይተው ስለሚወጡና ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለ ቋት ስለምትይዝ፣ አንዲቱን ሴቴ አበባ ከመከፈቷ በፊት በቀጭን ጨርቅ ሸፍኖ ሌላዋን በብሩሽ ማዳበርና ውጤቱን ማነጻጸር ይቻላል። የተሸፈነችው ትንሿ ዱባ ትጠወልግና ትወድቃለች። ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚህ የሚማሩትን ነገር በብዙ ገጾች መተካት ከባድ ነው።

የተክሉ መድረቅም የትምህርቱ አካል ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ መመዘኛ ለሦስተኛ ክፍል ሁሉም ሕያዋን የሚጋሯቸው ብሎ የዘረዘራቸው ልደት፣ ዕድገት፣ መራባትና ሞት ናቸው፤ በክብ ሥዕሎች ላይ ግን ሞት ቦታ የለውም። በዚህም ምክንያት ልጆች ያው አንዱ ተክል ተመልሶ ዘር የሚሆን፣ ሕይወቱም ማለቂያ የሌለው ይመስላቸዋል። ዑደቱ የዝርያው ነው፤ ተክሉ ግን ያረጃል፣ ይሞታል። አንድ ዘር አንድ ተክል ሆኖ ብዙ ዘር ከሰጠ በኋላ የሚቀጥለው ትውልድ ሌላ አካል ነው፤ የሁለት ወላጆች ልጅ ከሆነም ከሁለቱም በመጠኑ ይለያል። አንዳንዶቹ ተክሎች ዘር ሰጥተው በዓመቱ ይሞታሉ፤ እንደ ካሮት ያሉት በመጀመሪያው ዓመት ሥር አከማችተው በሁለተኛው ያብባሉ፤ ካሮትን ከማበቡ በፊት ነቅለን ስለምንበላው አበባውን ያየ ሰው ጥቂት ነው። ዛፎች ደግሞ ለብዙ አሠርት ዓመታት ደጋግመው ያብባሉ። ሥዕሉን በአንድ ክብ ፋንታ ከእያንዳንዱ ፍሬ ወደ ብዙ ዘሮች እየተከፈለ የሚሄድ፣ ከዘሮቹም አብዛኞቹ ሳይበቅሉ የሚቀሩበት አድርጎ መሣል ከእውነታው ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ልጆችም ይህን ለመሣል አይቸገሩም።

በርግጥ መምህራን የሚያነሡት የጊዜ እጥረት እውነተኛ ነው። ሁለት ወር የሚፈጅ ምልከታ በአንድ ሳምንት ከሚጠናቀቅ ምዕራፍ ጋር አይገጥምም። ሆኖም ምልከታው ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይጠይቅም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የአሥር ደቂቃ መለኪያና ሥዕል፣ ከነቀኑ በአንድ ደብተር ላይ የሚመዘገብ፣ ሌላውን ትምህርት ሳይነካ ሊካሄድ ይችላል። ምዕራፉ ሲደርስ ተክሉ አብቦ እንዲጠብቅ ዘሩን ከምዕራፉ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ መዝራት ደግሞ የዕቅድ ጉዳይ እንጂ የበጀት ጉዳይ አይደለም።

ምዘናውም ከዚህ ጋር መለወጥ ይኖርበታል። ባዶ ሳጥን መሙላት ደረጃዎችን የማስታወስ ችሎታን ብቻ ይለካል። ከዚያ ይልቅ መምህሩ የበሰለ የቦሎቄ ቆባ ለእያንዳንዱ ልጅ ሰጥቶ እንዲከፍቱት ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ከሙሉዎቹ ዘሮች መካከል አንድ ወይም ሁለት የተጨማደዱ፣ ሳያድጉ የቀሩ ደቃቃ እንክብሎች ይገኛሉ። «እነዚህ ለምን እንደ ሌሎቹ አላደጉም?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሥዕሉ ላይ ካሉት ደረጃዎች አይደለም። ልጁ ቋቱን፣ በውስጡ የነበሩትን እንክብሎች፣ ያረፈውንና ያላረፈውን ብናኝ፣ ወደ ታች የወረደውን ቱቦ ማስታወስ ይኖርበታል፤ ምናልባትም ጽንሰት ከተፈጸመ በኋላ ስንቅ አጥሮት የቀረ ሽል ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ሁለቱም መልሶች ተቀባይነት አላቸው። ሙሉዎቹ ዘሮች ደግሞ ደርቀው በወረቀት ከረጢት ይቀመጡና፣ የተሰበሰቡበት ቀንና የእናት ተክሉ መለያ ተጽፎባቸው፣ በሚቀጥለው ወቅት በእነዚያው ልጆች እጅ ይዘራሉ።